ዐቃቤ ሕግ ለምትሆነው ልጄ

እሙዬ፣

የሹመትሽ ወሬ የደረሰን ቀን እናትሽ እልልታዋን ስታቀልጠው እኔ ዝም ማለቴ ከንክኖሻል አሉ። ደስ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። የሰው መዝገብ እጅሽ ሊገባ ነው፤ እሱን እያሰብኩ ነው።

አያትሽ ስለ አውጫጭኝ ያወሩን ነበር። ከብት ተሰርቆ ሌባው ካልታወቀ የአገሩ ወንድ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም፣ የቀረም ይቀጣል። እርሻው ጦም ይደር፣ ሕፃን ይታመም፣ ግድ የለም። እኛ ከተሜዎቹ እንስቅ ነበር፤ ያ ዘመን አለፈ ብለን። ሰውን በጅምላ መያዝ ግን አላለፈም።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ነበርሽ። እዚህ ላፍቶ ባለሱቁ ጎረቤታችን ተወሰደ። ምን እንዳጠፋ የነገረን የለም፤ ትግርኛ ተናጋሪ መሆኑን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ፖሊስ ሰው የሚያዘው በብሔሩ ሳይሆን በተጠረጠረበት ጉዳይ ነው አለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ደግሞ የአዲስ አበባው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል፣ ከተያዙትም መካከል ልጆች የያዙ እናቶችና አረጋውያን እንዳሉ በመግለጫው አወጣ። እናትሽ ከባለሱቁ ሚስት ጋር ስንቅ ታመላልስ ነበር። «ያለ ነገር አይወስዱትም» ያለም ጎረቤት ነበረን። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም ሌላ አዋጅ መጣ። ኮሚሽኑ በዚህችው ከተማ የአማራ ተወላጆች በስፋት መያዛቸውን ገለጸ፤ ያ ጎረቤታችንም በተራው ለወንድሙ ስንቅ ይዞ በር ላይ ቆመ። አልፈረድኩበትም። ፍርሃት ሰውን ምን እንደሚያናግረው አውቃለሁ።

በ2011 ዓ.ም ሰሎሞን ተካ የሚባል ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ሃይፋ አጠገብ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት እዚህ ሰፈር ያልተቆጨ አልነበረም። በቀለሙ ነው ተባለ፤ ሞቱን ለተቃወሙት ሰልፈኞችም ከልባችን ቆምን። ባለሱቁ ሲወሰድ ግን መጋረጃ የዘጋነው እኛው ነን። ባሕር ማዶ ያለውን በደል ማውገዝ እንዴት ይቀላል!

ሕጉን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ይህ ሊታገድ ይችላል። መጽሐፍሽን ሳገላብጥ ግን አንቀጽ 93 ላይ ያገኘሁት ነገር እንቅልፍ ነሣኝ፦ በአዋጅም እንኳ ከማይነኩት መካከል አንቀጽ 25፣ የሰዎች እኩልነት፣ አለበት። ጦርነት ቢመጣም ሰውን በዘሩ ለይቶ መያዝ አይቻልም ማለት ነው። ያን ሰሞን ሬዲዮ ስሰማ ውዬ ስሰማ ሳድር ይህን የነገረኝ አልነበረም።

ደግሞ በሰላሙም ቀን አትዘናጊ። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራ ካላለቀ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ ቀጠሮ ይፈቅዳል፤ ስንት ጊዜ ይደገም እንደሚችል ግን አልወሰነም። ፖሊሱ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ባለ ቁጥር ባለፉት 14 ቀናት ምን እንደሠራ ጠይቂው። ምስክር ተቀብሏል? ማስረጃ አስመጥቷል? ወይስ መዝገቡ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል? ዋስትናንም በልማድ ብቻ አትቃወሚ። አለቃሽ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። የታሳሪው ስም የየት አገር እንደሆነ ከመገመትሽ በፊት አደረገ የተባለውን አንብቢ፤ ስምማ ሁላችንም ሳንመርጠው የተሰጠን ነው።

ባለሱቁ የ2014ቱ አዋጅ በየካቲት ሲነሣ ወጥቷል። ሲያዝ የተወሰደበት ስልክ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰለትም፤ ማመልከቻ እንድታዘጋጂለት ይፈልጋል። ሥራ ከጀመርሽ ወዲያ ስለማይሆንልሽ በዚህ ቅዳሜ ነዪ። ዕቃውን ሲረከቡ የሰጡት ወረቀት እኔ ጋ አለ።

አባትሽ