ለጊፋታ ዲምቱ ወርጄ

ባለፈው መስከረም የጊፋታን በዓል ከታላቅ እህቴ ጋር ለማሳለፍ ወደ ዲምቱ ወርጄ ነበር። ከአዲስ አበባ ወላይታ ሶዶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሶዶ ላይ የዳሞታ ተራራ ብርድ ይቀበላችኋል። ከዚያ በምሥራቅ ወደ ብላቴ ወንዝ በኩል ቁልቁል ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ፣ እንሰቱ እየሳሳ፣ በቆሎው እየበዛ ይሄዳል። ዲምቱ ስደርስ ሹራቤን አውልቄ በእጄ ይዤ ነበር።

እህቴ ቤት ሙቿው ተሠርቶ፣ ዳጣው ተፈጭቶ ጠበቀኝ። ሳሎኑ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ያለው የበኩር ልጇ በላከው ገንዘብ የተገዛ ሰፊ ፍላት ቴሌቪዥን ተቀምጧል። ከሥሩ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 አለ። ልጁ ከመሰደዱ በፊት ታናሽ ወንድሙን ኳስ ጨዋታ ያስተማረበት ነው። ከሄደ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ታናሹም 15 ሞላው።

እኔ የቴሌቪዥን ጥገና ባለሙያ ስለሆንኩ ታናሹ ገና ሳልቀመጥ፣ «አጎቴ፣ እባክህ እየው» አለኝ። የድሮው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ከተቃጠለ ወዲህ ጨዋታው አላምር ብሏል። ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ተጫዋቾቹ አጭርና ወፍራም ሆነዋል፤ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ቁልፉን ሲጫን ደግሞ ኳሷ ዘግይታ ትመታለች። እህቴም፣ «ተበላሽቷል፤ ለልዋጭ ልሰጠው ነበር» አለች።

ዕቃው ግን አልተበላሸም። ፕሌይስቴሽን 2 የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ2000 ነው። አብዛኛው ጨዋታው ሥዕሉን በአንድ ጊዜ ሙሉውን አይልክም። መጀመሪያ ጎዶሎዎቹን መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉዎቹን፣ በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ እያፈራረቀ ይልካል። የድሮው ቴሌቪዥን የተሠራው ለዚህ ስለነበር እንደመጣ ያሳየዋል። አዲሱ ግን ግማሾቹን መስፋት፣ ከዚያም ለሰፊው መስኮቱ ማሳደግ አለበት። የመጋዝ ጥርሱም መዘግየቱም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሠሩ ሥዕል አሳዳጊ መሣሪያዎች አሉ። ሬትሮቲንክ 4ኬ የሚባለው በ2023 ሲወጣ ዋጋው 750 ዶላር ነበር። ለዲምቱ ሳሎን የሚታሰብ አይደለም። እኔ ከመርካቶ የያዝኩት ከጨዋታው ጀርባ የሚሰካ፣ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ነው። ሥዕሉን አያሳድግም፤ ነገር ግን ቀለሞቹን በአንዷ ቢጫ ገመድ አጨናንቆ ከመላክ ይልቅ ለያይቶ ያወጣቸዋል።

ከመሰካቴ በፊት በቢጫው ገመድ እንዳለ የፕሌይስቴሽኑን ማስተካከያ ከፍቼ የሥዕል መውጫውን «ኮምፖነንት» ላይ አደረግሁ፤ ይህ ከተረሳ ቀለሙ ይበላሻል። ቴሌቪዥኑን ደግሞ «ጌም ሞድ» ላይ አደረግሁ፤ ሥዕል አሳምራለሁ እያለ የሚያጠፋው ጊዜ ይቀንሳል። የሥዕሉንም ቅርጽ ወደ 4 በ3 መለስኩት። ተጫዋቾቹ ቁመታቸውን አገኙ። እንደ አዲስ ጨዋታ አልጠራም፤ ኳሷ ግን ሲመቷት ትሄዳለች።

ታናሹ ስምንት ሜጋባይት የምትይዘውን ማስታወሻ ካርድ ከፈተ። ወንድሙ ያስቀመጠው ቡድን እንዳለ ነው። ለተጫዋቾቹ የቤተሰቡን ስም አውጥቶላቸዋል፤ ዘጠኝ ቁጥሩ ታናሹ ነው። በረኛዋ «እማዬ» ትባላለች። እህቴ ሙቿ የያዘውን ሳህን አስቀምጣ ቀረብ አለች። «እኔን ነው?» አለች። ልጁ ያንን መቼ እንደጻፈው አላወቀችም።

ማታ ላይ በኢሞ ደወልንለት። ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ ስናዞረው ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ያ ነገር እስካሁን አለ እንዴ? እማዬ፣ ጎል እንዳታስገቢ!» አለ። እናቱ ስቃ ስቃ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ወላጆችና አያቶች፣ ቤታችሁ ከቁም ሣጥን ላይ እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ ካለ ለልዋጭ ከመስጠታችሁ በፊት ማስታወሻ ካርዱን አስከፍታችሁ እዩት። ሥዕሉ ከደበዘዘም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የቴሌቪዥኑን «ጌም ሞድ»ና 4 በ3 ሞክሩ፤ እነዚህ በነፃ ናቸው።

ዲምቱን ለቅቄ ወደ ሶዶ ስወጣ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። ፕሌይስቴሽኑ ላይ የነበረው የጥልፍ ጨርቅ ግን ታጥፎ መሳቢያ ገብቷል።