ሳንታ ሞኒካ ፒር ላይ ዓሣ ለማጥመድ ለምትወጡ

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ወገኖች፣ በ2002 እ.ኤ.አ. «ሊትል ኢትዮጵያ» ከተባለው ፌርፋክስ ተነስታችሁ ፒኮን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ብትነዱ መንገዱ የሚያልቀው ውቅያኖስ ዳር ነው። ወደ ቀኝ ትንሽ ዞር ስትሉ በ1909 ለሕዝብ የተከፈተው የሳንታ ሞኒካ ፒር ይታያችኋል። ቱሪስቱ ሽክርክሪቱ ሥር ሲጋፋ እኔ በቀጥታ ወደ ጫፉ ነው የማመራው። ዘንጉን ደገፍ አድርጎ፣ ባልዲውን እግሩ ሥር አስቀምጦ ባሕር ባሕር የሚያየው ሕዝብ ያለው እዚያ ነው። ኪሱ ለሳሳ ሰው ከዚህ የተሻለ መዝናኛ በዚህ ከተማ አላውቅም።

በካሊፎርኒያ ሕግ የሕዝብ ፒር ላይ ሆኖ ለሚያጠምድ ፈቃድ አያስፈልገውም። ወርዳችሁ አሸዋው ወይም ቋጥኙ ላይ ከቆማችሁ ግን ዕድሜው 16 የሞላ ሁሉ ፈቃድ ይጠየቃል። ፒሩም ላይ ቢሆን ለአንድ ሰው ከሁለት ዘንግ በላይ አይፈቀድም። ሃሊበት የሚሉት ጠፍጣፋ ዓሣም ከ22 ኢንች ካነሰ ወደ ባሕሩ ይመለሳል።

ክሩን ከራስ በላይ አሽከርክሮ መወርወር እዚህ አይሆንም፤ ከኋላችሁ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሰው ያልፋል። ደግሞስ ምን አስወረወራችሁ? ዓሣው ያለው ከእግራችሁ ሥር፣ ምሰሶዎቹ አጠገብ ነው። ለማከሬል ሳቢኪ የሚባለውን፣ ትናንሽ መንጠቆዎች የተደረደሩበትን ክር ከእርሳስ ጋር ቁልቁል ለቅቆ ቀስ እያሉ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ማለዳ፣ ግርግሩ ሳይጀምር፣ ባሕሩ እየሞላ ሲመጣ ከሆነ ደግሞ እሰየው።

አሁን ብዕር ያስነሳኝን ጉዳይ ልንገራችሁ። ቶራንስ የነበረ የዲዲቲ ፋብሪካ እስከ 1971 ድረስ ዝቃጩን በፍሳሽ ቦይ ወደ ባሕር ሲለቅ ኖሯል፤ መርዙ ዛሬም ከባሕሩ ወለል አልጠፋም። ስለዚህ የክፍለ ሀገሩ የጤና ባለሙያዎች ከዚህ ፒር አንስቶ እስከ ሲል ቢች ፒር የሚጠመዱ አምስት ዓይነት ዓሣዎችን ጨርሳችሁ አትብሉ ይላሉ፦ ዋይት ክሮከር፣ ብላክ ክሮከር፣ ባርድ ሳንድ ባስ፣ ቶፕስሜልትና ባራኩዳ። ክፋቱ ዋይት ክሮከር ለጀማሪ እጅ እንኳ ቶሎ የሚገባ መሆኑ ነው። ብር የመሰለ ነው፤ የጎን ክንፉ ከገላው በሚጋጠምበት ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለችው። አንዳንዱ አጥማጅ «ኪንግፊሽ» ይለዋል፤ ንጉሥ ተባለ ብላችሁ ለልጆቻችሁ እንዳታቀርቡት።

እኛ ዓሣ ከነቆዳው፣ ከነራሱ ጠብሰን መብላት እንወዳለን። መርዙ የሚጠራቀመው ግን ስቡ ውስጥ ነው። ካልተከለከለውም ቢሆን ቆዳውን፣ ስቡንና የሆድ ዕቃውን ጥላችሁ ሥጋውን ብቻ ብሉ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ያሉበት ቤት በተለይ። ሎሚና በርበሬ የሚያጠፉት ሽታውን እንጂ ዲዲቲውን አይደለም። (በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼዋለሁ።)

እኔ ይዤ የምገባው ማከሬል ነው፤ ከተከለከሉት ውስጥ የለም። ቶሎ ስለሚበላሽ በረዶ አትርሱ። በባቡር የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ባልዲው ክዳን ይኑረው፤ ተሳፋሪው ሁሉ ዘወር ብሎ ያያችኋል።