የአንቀልባ ጥገናና የልጆች የሸክላ ምስል

ያረጀውን የቤት ዕቃ ሁሉ እየጣሉ አዲስ መግዛት የሀብት ምልክት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ያረጀውንም ሁሉ ሳይመረምሩ መልሶ መገልገል ቁጠባ የሚመስላቸው አይታጡም። ሁለቱም ከልኩ ያለፉ ናቸው። አስተዋይ ቤተ ሰብ ግን የሚጠገነውን ከማይጠገነው ለይቶ ያውቃል። ይልቁንም ዕቃው የሕፃን ዕቃ በሆነ ጊዜ ይህ ዕውቀት እጅግ ያስፈልጋል፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ሕፃን የተሸከመው ጠፍር መላላቱን ተናግሮ ሊያስጠነቅቅ አይችልምና።

አገራችን ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፥ ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለች ብርዳም ደጋ ናት። በእንዲህ ያለ አገር አንቀልባ ለሕፃን አልጋውም ልብሱም ነው። እናት ውሃ ስትቀዳ፥ እንጨት ስትለቅም፥ ገበያ ስትወጣ፥ ልጇ ከጀርባዋ ሙቀት አይለይም። በቤታችን ያለውን አንቀልባ ያሠሩት አያታችን ናቸው፤ ከለፋ የበግ ቆዳ የተሠራ፥ ዳር ዳሩን ዛጎል የተደረደረበት ሲሆን፥ አባታችንን፥ እኛንና ወንድሞቻችንን አዝሏል። ዘንድሮ ታላቋ ልጃችን የበኩር ልጇን በወለደች ጊዜ ከቆጥ ወርዶ ቢታይ፥ ቆዳው ደኅና ሆኖ ሳለ ማንገቻው ደርቆና ተሰነጣጥቆ ተገኘ። ባለቤታችን «የሕፃን ነገር አያስቀልድም፥ አዲስ ከጎንደር ይገዛ» አሉ። ልጃችን ግን «አባባ፥ እርስዎ የታዘሉበት ነውና ልጄም ይታዘልበት» ብላ ለመነች። መዝገብ መጻፍ እንጂ መፍረድ ሥራችን ባይሆንም፥ ነገሩ ለእኛ ተተወ።

እኛም ሁለቱንም እውነት አላቸው አልን። የቆዳ ጕልበት የሚታወቀው ሲታጠፍ ነው፤ ታጥፎ የሚሰነጠቅ ቆዳ ቅቤ ቢቀቡት ይለሰልሳል እንጂ፥ ውስጡ የተበጠሰው ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህ አሮጌውን ማንገቻ ከነስፌቱ ፈትተን ጣልነውና ከወፍራም የበሬ ቆዳ አዲስ ቈረጥን። ቀዳዳውን በወስፌ ስንበሳ አራርቀን ነው፤ የተቀራረበ ቀዳዳ ቆዳን እንደ ቴምብር ጠርዝ ያስቀድደዋልና። አንዱን ክር በሁለት መርፌ ከሁለቱ ወገን እያሳለፍን ሰፋነው፤ በአንድ በኩል ያለው ቢበጠስ በሌላው በኩል ያለው ይዞ ይቆያልና። ዛጎሉንም አንድ በአንድ እየሳብን መርምረን፥ የላላውን አጠበቅን፤ ለሕፃኑ አፍ የሚቀርበውን ግን ፈጽመን አነሣን። ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚወስድ፥ አንድ ዛጎል ጕሮሮውን ሊዘጋው ይችላል።

ከዚህ በኋላ ሕፃኑ 5 ኪሎ ይመዝን ነበርና፥ 15 ኪሎ ገብስ በከረጢት ሞልተን በአንቀልባው አዘልነውና ከምሰሶው ላይ ሰቅለን አሳደርነው። ሲነጋ ስፌቱ አንድ ስንኳ አለመላላቱን ባለቤታችን በገዛ እጃቸው ዳስሰው ካረጋገጡ በኋላ፥ ሕፃኑ ታዘለ። ሲያዝሉትም እግሮቹ ከግራና ከቀኝ ተከፍተው እንዲያቅፉ፥ አፍንጫውም በቆዳውና በነጠላው እንዳይታፈን መጠንቀቅ ይገባል።

ይህን ስንሠራ ሊጠይቁን የመጡ አንድ አዛውንት አጎታችን እጅግ አዘኑብን። «አንተ፥ ብዕር የያዝህ ሰው፥ በዚህ ዕድሜህ ፋቂ ልትሆን ነው ወይ?» አሉን። ነገሩ የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። በማረሻቸው እያረሱ፥ በድስታቸው እየበሉ፥ ሰዎቹን ግን ቡዳ ናቸው ብሎ ማራቅ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? አጤ ምኒልክ ይህን ተመልክተው፥ ባለ እጅ በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ። ከቅዱሳት መጻሕፍትም ብንጠይቅ፥ ጻድቁ ዮሴፍ ጠራቢ ነበረ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ሲሆን፥ ወስፌ መያዙ መልእክታትን ከመጻፍ አልከለከለውም። ይህን ብንነግራቸው አጎታችን ዝም አሉ። በማግስቱ ግን የበቅሏቸውን የእርካብ ጠፍር እንድንሰፋላቸው በልጅ እጅ ላኩልን።

ከጎንደር ወደ ኮሶዬ ሲወጡ በመንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ የዚህ ታሪክ ምስክር ናት። ቤተ እስራኤል በብዛት በኖሩባት ዘመን ወንዶቹ ብረት ሲቀጠቅጡ፥ ሴቶቹ ከሸክላ እንስራና ድስት፥ ደግሞም ትንንሽ የሰውና የእንስሳ ምስሎች ይሠሩ ነበር። ርስት ስለ ተነፈጋቸው እጃቸውን ርስት አደረጉት፤ አጤ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ በቈረቈሯት በጎንደርም በግንበኝነትና በአናጢነት ለነገሥታቱ አገልግለዋል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጕዞዎች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። የሸክላው ሥራ ግን በስፍራው በቀሩት ሴቶች እጅ አልጠፋም።

ታናሿ ልጃችን ከዚያ የተገዛላትን አንዲት የሸክላ ሴት ይዛ ቀረበች። ከማንገቻው የተረፈውን ቍራጭ ቆዳ ለምና የአውራ ጣት ያህል አንቀልባ ሰፋችና በምስሏ ጀርባ አሰረችላት፤ ከአሮጌ ነጠላ ጫፍም መጐናጸፊያ አደረገችላት። ቀጥላም ራሷ ጭቃ አቡክታ ዳኛ ሠራች። የዳኛው ጆሮ ከራሱ ይበልጥ ነበርና «ስለ ምን ጆሮውን አተለቅሽው?» ብንላት፥ «አባባ፥ የከሳሽንም የተከሳሽንም እንዲሰማበት ነው» አለችን። በፍርድ ቤት ብዙ ዘመን ስንጽፍ፥ ስለ ዳኛ ከዚህ የተሻለ ቃል የሰማነው ጥቂት ነው።

ልጆቻቸውን ይህን ሥራ ሊያስተምሩ ለሚወዱ ጥቂት እንጨምር። ጭቃው ከጠጠርና ከሥር ተለቅሞ፥ ተወቅጦ የተነፋ የገል ዱቄት ቢገባበት እንዳይሰነጠቅ ይረዳዋል። ምስሉ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ላዩ ቸኩሎ ሲደርቅ ውስጡ ስለሚዘገይ ይተረተራልና። ወፍራም የሆነው ምስል ውስጡ ይፈልፈል፤ ሳይደርቅም ወደ እሳት አይግባ፤ በውስጡ የቀረው ውሃ በእንፋሎት ኀይል ያፈነዳዋል። በእሳት ያልተተኰሰ ምስል ውሃ ሲነካው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። የእሳቱ ሥራ ግን የትልቅ ሰው እንጂ የልጅ አይደለም። ለሕፃን የሚሰጠውንም የቤት ቀለም አይቀቡት፤ በአንዳንዱ ቀለም፥ ይልቁንም በአሮጌው፥ የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ እርሳስ የተባለ ማዕድን አለበትና። ከተተኰሰ በፊት በለስላሳ ድንጋይ ቢወለውሉት ያለ ቀለም ያምራል።

ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። እኛ የምንለው እንደዚህ ያለውን መስፋት አይደለም። በሥልጣን ላይ ያላችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ከሥራችሁ በተመለሳችሁበት ማታ ከልጆቻችሁ ጋራ ተቀምጣችሁ አንድ ነገር ብትጠግኑ፥ ክብራችሁ አይጐድልም። ልጅ አባቱ ወስፌ ይዞ ካየ፥ ወስፌ የያዘውን ሰው አይንቅም፤ ነገ በፍርድ ወንበር ቢቀመጥም የባለ እጁን አቤቱታ እንደ ጌታው አቤቱታ አድርጎ ይሰማዋል።