«ምነው ባረፈች»

እናታችንን ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊቱን በተራ አስታመምናት። ወደ ጌታ ከሄደችና ለቀስተኛው ከተሸኘ በኋላ እኛ ወንድማማቾች ድንገት የምንሠራው አጣን። አንድ ምሽት ከጓደኛ የተዋስነውን የቆየ ጌም ከፈትን። ሳይለንት ሂል 2 ይባላል፤ የጃፓኑ ኮናሚ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ያወጣው ነው። አስፈሪ ጌም ነው፤ ለልጆች አይሆንም፤ ለሁሉም ሰው ተጫወቱት አንልም። እኛን ግን አንድ ነገር ይዞን ቀረ።

ጄምስ የሚባል ሰው ከሚስቱ ከሜሪ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ሜሪ ግን በሕመም ሞታለች ከተባለ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሊፈልጋት ጭጋግ ወደ ዋጠው ከተማ ይገባል። በዚያ የሚገጥሙት ጭራቆች እያንዳንዳቸው ትርጉም አላቸው። ፊታቸው የተበላሸ ነርሶች የሜሪን የሕመም ዘመን ያስታውሱታል። ራሱ በብረት ፒራሚድ የተሸፈነ አንድ ቀጪ ደግሞ ትልቅ ቢላ እየጎተተ ይከተለዋል። በዚያው ከተማ ብቻዋን የምትዞረው ትንሿ ላውራ ግን አንድም ጭራቅ የምታይ አትመስልም። ጭራቆቹን ይዟቸው የመጣው ሰውየው ነበራ!

መጨረሻው አካባቢ አንድ የቪዲዮ ካሴት እውነቱን ያሳየዋል። ሜሪን በትራስ አፍኖ የገደላት እሱ ራሱ ነው። ያን ሸሽጎ፣ ሕመሙ ገደላት ብሎ ራሱን አሳምኖ ኖሯል።

እዚህ ላይ አቆምን። እርስ በርስ መተያየት አቃተን።

እኛ ማንንም አልገደልንም። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ወራት ሁለታችንም «ምነው ባረፈች» ብለናል። ሊጠይቁ ለመጡ ጎረቤቶች እንኳ ተናግረነዋል፤ እነሱም «እውነት ነው» ብለው አጽናንተውናል። ቃሉ ጸሎት ይመስላል። ከሥሩ የነበረው ግን «ምነው ባረፍን» የሚል ነበር። አንድ ሌሊት ደግሞ ስትጣራ ሰማን፤ እያንዳንዳችን ሌላው ይነሣል ብለን እንዳልሰማን ሆነን ተኛን። ጠዋት ከንፈሯ ደርቆ አገኘናት፤ ውኃ ፈልጋ ነበር። ያችን ሌሊት ግን አንዳችንም አንሥተናት አናውቅም። ከቀብሩ በኋላ አንዳችን መዘመር ተወ፤ ሌላችን ወደ ክፍሏ መግባት። ሰው ሐዘን መስሎት ነበር። ለካ ራሳችንን እየቀጣን ነው።

ጄምስም በመጨረሻ ያ ቀጪ ለምን እንደሚከተለው ይገባዋል፤ ለኃጢአቱ የሚቀጣው ስለፈለገ ራሱ ጠርቶታል። ጌሙ እስከዚህ ድረስ የሰውን ልብ ያውቃል። ጭራቅ ግን መቅጣት እንጂ ይቅር ማለት አይችልም።

ዳዊት በመዝሙር 32 ኃጢአቱን ሸሽጎ ዝም ባለ ጊዜ አጥንቱ ድረስ እንደ ደከመ፣ በተናዘዘ ጊዜ ግን እንደ ተፈታ ይነግረናል። ኢሳይያስ 53ን ስናነብ ደግሞ የፈለግነው ቅጣት አስቀድሞ በሌላ ትከሻ ላይ እንዳረፈ እናያለን። እኛ ስናስብ የኖርነው ማን እንደሚያርፍ ነበር፤ ቅጣታችን ያረፈው ግን በክርስቶስ ላይ ነው።

መድከም ኃጢአት አይደለም። ያችን ሌሊት ግን መናዘዝ ነበረብን። በዚያው ምሽት ተንበርክከን ለጌታም እርስ በርሳችንም ተናገርነው፤ አለቀስንም። ሐዘናችን ዛሬም አለ። ወደ ክፍሏ ግን እንገባለን፤ እዚያው እንዘምራለን።

ወገኖች፣ እናንተን የሚከተላችሁ ጭራቅ የምን ምልክት ይሆን? ስሙን ለጌታ ንገሩት። እርሱ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ እየጠበቀ ያለው እናንተን ነው።