ቀኑን መጨረሻ ላይ ጻፉት

በሕንፃ ግንባታ ላይ ያላችሁ፣ በተለይ ስኬጁል የማዘጋጀት ኃላፊነት ገና የተሰጣችሁ ወጣት መሐንዲሶች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ሲከፈት ባዶ ሠንጠረዥ ይመጣል። ብዙ ሰው ወዲያው ቁፋሮ፣ መሠረት፣ ኮለን፣ ሶሌታ እያለ ይደረድርና ከጎኑ አሠሪው የፈለገውን ቀን ይሞላል። መስመሮቹ ደረጃ ሠርተው ሲወርዱ ያምራሉ፣ ስብሰባ ላይም ይጸድቃል። እኔ ግን ይህን ዕቅድ ብዬ አልጠራውም። አዲስ ሥራ ስታስገቡ ፕሮግራሙ ካልተነገረው በቀር በእጅ በሚመራው ስልት ይመዘግበዋል፤ ቁፋሮው ቢዘገይ መሠረቱ ከተጻፈበት ቀን ንቅንቅ አይልም። ወደ አውቶ ስኬጁል ቀይራችሁ ቀኑን በእጃችሁ ብትጽፉም «ከዚህ በፊት አይጀመር» የሚል ገደብ አድርጎ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሞርጋን ዎከርና ጄምስ ኬሊ የክሪቲካል ፓዝን ስሌት ሲያወጡ ሐሳቡ ሌላ ነበር፦ የሥራውን ርዝመትና ቅደም ተከተል እናንተ ትሰጣላችሁ፣ ቀኑን ስሌቱ ይነግራችኋል።

ከሥራ ዝርዝሩም በፊት ግን ካላንደሩ አለ። ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ፕሮግራሙ ይዞት የሚመጣው ካላንደር ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን 8፣ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ሳይታችን ቅዳሜም ይሠራል። ፕሮግራሙ በዓላትንም አያውቅም። እንቁጣጣሽን መስከረም 1 ብላችሁ ማስገባት አትችሉም፤ ሴፕቴምበር 11 ብላችሁ በየዓመቱ እንዲደጋገም ካደረጋችሁት ደግሞ ከጳጉሜን 6 ቀጥሎ የሚመጣው ዓመት ላይ ይሳሳታል፣ ያን ጊዜ 12 ላይ ነውና። መስቀልና ጥምቀትም በዚያው ዓመት በአንድ ቀን ይገፋሉ። ፋሲካ፣ ሁለቱ ኢዶችና መውሊድ በየዓመቱ ለየብቻ መግባት አለባቸው።

በአዋጅ መስቀል አንድ ቀን ነው። ፎርማናችሁን ብትጠይቁት ግን ከሠራተኞቹ ስንቱ ለመስቀል አገር ቤት እንደሚገባና መቼ እንደሚመለስ ይነግራችኋል። ስለዚህ ፎርማኑን አጠገባችሁ አስቀምጡት። አንድ ፌራዮ በቀን ምን ያህል ብረት እንደሚያስር፣ ካሳፎርማው ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያውቀው እሱ ነው። ቢሮ ውስጥ ብቻ የተሠራ ስኬጁል ሳይት ላይ ማንም አያየውም፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል፤ በእጃቸው የሚሠሩት ሰዎች ስለ ጊዜያቸው ሳይጠየቁ ይቀራሉና።

ለቁፋሮና ለአፈር ሙሌት የተለየ ካላንደር ስጧቸው፤ ሐምሌና ነሐሴ ለእነዚህ ሥራዎች እንደ ጥር አይቆጠሩም። የአርማታ ነገር ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሶሌታ ከተሞላ በኋላ ድጋፉ እስኪነሳ የሚጠበቀው ጊዜ እሑድንም በዓልንም ይቆጥራል፣ ሲሚንቶው ያን ቀን መጠንከሩን አያቆምምና። በሥራ ቀን ካስገባችሁት ግን ፕሮግራሙ እነዚያን ቀናት እየዘለለ በየወለሉ ያለ ምክንያት ጊዜ ይጨምርባችኋል። ለዚህ ኢላፕስድ የሚባለውን የጊዜ አቆጣጠር ተጠቀሙ።

ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ካለ፣ ሊፍትን ውሰዱ፣ «ሊፍት መግጠም» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። የዲዛይን ማጽደቁ፣ የኤልሲ መክፈቱ፣ የፋብሪካው ጊዜ፣ ጂቡቲ፣ ጉምሩክ፣ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ይግባ፤ ኃላፊውም ይጻፍበት። ብዙ ጊዜ ክሪቲካል ፓዙ በሲሚንቶና በብረት ሳይሆን በባንክ በኩል ሲያልፍ ታገኙታላችሁ፤ ይህን አሠሪው በመጀመሪያው ወር ማወቅ አለበት።

ሁሉም ከገባ በኋላ የሚወጣው የማጠናቀቂያ ቀን የውሉን ቀን ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ የሥራዎቹን ርዝመት እየቆረጣችሁ አታስተካክሉት። ይዛችሁት ወደ አሠሪውና ወደ አማካሪው ሂዱ፤ ሌላ የካሳፎርማ ስብስብ ይገዛ፣ የማታ ፈረቃ ይጨመር ወይስ ቀኑ ይሻሻል፣ ገና ገንዘብም ጊዜም እያለ ተነጋገሩበት። ቤዝላይኑን ሴቭ የምታደርጉት ከዚህ ንግግር በኋላ ነው።