የመስቀል ወፍ ልብስ

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዞ ደባርቅ የሚደርስ መንገደኛ ዐይኑ በስሜን ተራሮች ላይ ነው። የስሜን ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም ስም ያተረፈው ዋልያው ነበር። እኔ ግን ከዳባት ጀምሮ ባለው የገብስ ማሳ ዳር መቆም እወዳለሁ።

ገብሱ ሲያሸት፣ አደዩ ሲፈነዳ፣ በትከሻውና ከጅራቱ በላይ ቢጫ የደረበ ጥቁር ወፍ ከሣር አናት ላይ ይታያል። የመስቀል ወፍ የሚለው ስም በየአገሩ ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል፤ ይህም አንዱ ነው። በመስከረም ከሩቅ መጥቶ ተመልሶ ይሄዳል ይባላል።

ወፉ ግን የትም አልሄደም። የመራቢያው ወራት ሲያልፍ ወንዱ ጥቁሩን ላባ አራግፎ ዥንጉርጉር ቡናማ ይለብሳል፤ ከሴቶቹና ከልጆቹ ጋር በአውድማ ላይ ሲለቅም ድንቢጥ ተብሎ ይታለፋል። ልብ ብሎ የተመለከተ በትከሻውና ከጅራቱ በላይ በቀረችው ቢጫ ይለየዋል። የሚያስቸግረው የዓመቱ ወጣት ወንድ ነው፤ ልብሱ የእናቱ ነውና።

ሠዓሊዎቻችን የሚያውቁት የመስከረሙን ወንድ ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል። እርሱ የጎጆውን ግድግዳ ይሠራል፤ ውስጡን የምታለሰልሰው፣ እንቁላሉን የምትታቀፈው ግን ያቺ ቡናማ ሴት ናት። እስከ ዛሬ በአንድም ሸራ ላይ አላየኋትም።

እውነተኛው እንግዳ በወንዙ ዳር ነው። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ፣ ክብደቷ 50 ግራም ያህል የሆነች፣ ጅራቷን ሳታቋርጥ የምታወዛውዝ ወፍ በዚያው ሰሞን ከአውሮፓና ከእስያ ወንዞች ትመጣለች። ወንዱና ሴቷ በላባ አይለዩም፤ ዕድሜ ግን ይለያል። የትልቋ ላባ በመራቢያው ወራትና በመንገድ ያለቀ፣ የደበዘዘ ነው። የዘንድሮዋ ጫጩት ላባ ገና አዲስ ነው፤ በክንፏ ላይ እያንዳንዱ ላባ ፈዘዝ ያለ ጠርዝና ጠቆር ያለ መስመር አለው። ወራት አልፈው ጠርዙ ሲበላ መለየቱ ይከብዳል።

ትልልቆቹ አስቀድመው ስለሚነሡ፣ ልጆቹ በኋላ ለብቻቸው ይከተላሉ። ከተፈለፈለች ጥቂት ወራት የሆናት ፍጥረት፣ መንገድ የሚያሳያት ወላጅ ሳይኖር፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጣ እዚህ ድንጋይ ላይ ታርፋለች። ከብቶቹን ውኃ ያጠጣ የነበረ እረኛ ከየት እንደመጣች ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ኧረ ጋሼ፣ እሷማ የዚሁ የወንዛችን ናት» አለኝ።