ከነልጆቻችን ወደ ዱባይ፦ ዕቃ የማንገዛበት ጉዞ

እኛ ሦስት ነን። መርካቶ ጎን ለጎን የልጆች ልብስና ጫማ የምንሸጥ፣ ዱባይ ስንሄድ ደይራ አንድ ክፍል ተካፍለን የምናድር፣ ካርጎ ስንልክ ደግሞ ኪሎውን ደምረን የምንከፍል ሴቶች። አራት ሕፃናት አሉን። ትንሹ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ ትልቋ አራት ልትደፍን ነው። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ አራቱንም ይዘን ዱባይ ልንሄድ ነው። ለዕቃ አይደለም። የመዝናኛ ፓርክ ልናሳያቸው ነው።

ይህን ስንናገር የሚስቅብን ብዙ ነው። የአንዳችን እናት፣ "የሁለት ዓመት ልጅ ምን ያስታውሳል? ለሱ ደጃፉ ላይ ያለው አፈር ይበቃዋል" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አፈሩ ይበቃዋል። በሞያሌ የሚነግዱ ወዳጆቻችን ደግሞ ናይሮቢ ይሻላችኋል ብለው መከሩን። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም፣ ቱ ሪቨርስ የተባለው የገበያ ማዕከልም የልጆች መጫወቻና ግዙፍ ሽክርክሪት አለው። በየብስ ከሆነ ግን ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሞያሌ ናይሮቢም እንደዚያው። ያን ሁሉ መንገድ አውቶቡስ ውስጥ ሕፃን ታቅፎ መጓዝ ለማንም አንመኝም። በአውሮፕላን ከሆነ ናይሮቢ ከዱባይ ትቀርባለች፣ በዚህ አንከራከራቸውም። ዱባይን የመረጥነው ግን በሌላ ምክንያት ነው።

ልጆቻችን ዱባይን የሚያውቋት እናት የምትጠፋበት ቦታ አድርገው ነው። በዓመት ስድስት ጊዜ ያህል እንሄዳለን፣ በየጉዞው ከስምንት እስከ አሥር ቀን እንቆያለን። ሲደመር ወደ ሁለት ወር ይጠጋል። አንደኛው ልጅ ሻንጣውን ራሱን "ዱባይ" ብሎ ነው የሚጠራው። ከቁም ሣጥን ላይ ሲወርድ ካየ "ዱባይ መጣ" ብሎ ያለቅሳል። አንድ ቀን ባዶው ሻንጣ ውስጥ ገብቶ እንቅልፍ ወስዶት አገኘነው። ትልቋ ደግሞ በቪዲዮ ስንደውል ስልኩን ገልብጣ ከጀርባው ትፈልገናለች። ከኋላችን የሚታያቸው ሁልጊዜ ያው የሆቴል መጋረጃ ነው። ስለዚህ ዱባይ የሚለው ስም ውስጥ ከሻንጣና ከመጋረጃ ሌላ ነገር እንዲኖር ፈለግን። ነገሩ ይኸው ነው።

ቀኑን መምረጥ ከሁሉ የቀለለ ይመስል ነበር። የኤምሬትስ መንግሥት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውሳኔ ከጁላይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከወላጅ ጋር የሚገቡ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የቪዛ እንዳይከፍሉ አድርጓል። ነጋዴ ደግሞ በነፃ ሲባል ጆሮው ይቆማል። ግን እነዚያ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ናቸው። ከናይፍ ሆቴላችን እስከ ሜትሮው ያለው አጭር መንገድ እኛን ራሳችንን ጨርቅ ሲያስመስለን እናውቃለን፤ ሕፃን ይዘን አንሞክረውም። የቪዛውን ከፍለን በብርድ ወራት እንሄዳለን።

ቀጥሎ የገበያ ቀን መቁጠሪያችንን አየን። እስከ ገናና ጥምቀት ሱቁን ዘግቶ መሄድ አይታሰብም። ከጥምቀት በኋላ ገበያው ይተኛል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሁለታችን ዐቢይ ጾም፣ የአንዳችን ረመዳን ይመጣል፤ ሁለቱም ሳይገቡ ተመልሰን መገኘት አለብን። በላዩ ላይ የትንሹ ልደት የካቲት 3 ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ የአዋቂውን ቲኬት አንድ አሥረኛ ያህል ነው የሚከፍለው፣ ከሞላው ግን የራሱ መቀመጫ ይገዛለታል፤ ልደቱ በጉዞው መሃል ቢውል እንኳ ለመልሱ ይከፈልበታል። ስለዚህ ከጥር 18 እስከ 24 አልን። ሆቴሉ ትንሽ ይወደዳል። ይወደድ።

ፓርኩን የመረጥነው ዕቃ እንደምንመርጠው ነው፤ መጀመሪያ ለማን ነው ብለን። ልጆቹን ሱቁ በር ላይ አቁመን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካናቸው፦ 84፣ 91፣ 95 እና 101 ሳንቲ ሜትር። ይህን ቁጥር የያዘ ሰው ግማሹን ምርጫ ወዲያው ይሰርዛል። አይ.ኤም.ጂ. የሚባለው ግዙፉ ፓርክ ሙሉ በሙሉ ጣራ ሥር ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ትልልቅ ልጆች ያሉት ሰው ቢሄድበት አይቆጭም። ዋናዎቹ ፈጣን ባቡሮቹ ግን 1 ሜትር ከ20 ይጠይቃሉ። የኛዎቹ እዚያ ለመድረስ ገና ብዙ ዓመት ይቀራቸዋል። ደግሞ የሚንቀሳቀሱና የሚጮኹ ዳይኖሰሮች አሉት። የሰፈር ውሻ ሲጮህ ቀሚሳችን ሥር የሚገባ ልጅ ይዘን ወደ ዳይኖሰር አንሄድም።

ግሎባል ቪሌጅን ሁላችንም እንወደዋለን። የየአገሩን ዕቃ በአንድ ምሽት ዞሮ ማየት ለነጋዴ ትምህርት ቤት ነው። የሚከፈተው ግን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ደስ የሚለውም መብራቱ ሲበራ ነው። ልጆቻችን ደግሞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይተኛሉ። እዚህ ጋ አንድ የማይገመት ጥቅም አገኘን፦ ዱባይ ከኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፣ ስለዚህ የኛ 2 ሰዓት የነሱ 3 ሰዓት ነው። ሰዓታቸውን ሳንነካ አንድ ምሽት እንሞክራለን።

የተስማማንበት ሌጎላንድ ነው። ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተሠራ ነው፣ ከሦስት ዓመት በታች ያለ በነፃ ይገባል፤ ከአራቱ ሁለቱ አይከፈልባቸውም ማለት ነው። ለትንንሾቹ የተለየ መጫወቻ አለው፣ ቡርጅ ኸሊፋን ጨምሮ የከተሞቹ ሕንፃዎች በፕላስቲክ ጡብ ተሠርተው የሚታዩበት አዳራሽም ቤት ውስጥ ነው። ክፋቱ ርቀቱ ነው፤ ወደ አቡ ዳቢ መንገድ ላይ ስለሆነ ከደይራ በታክሲ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ስለሆነ በሥራ ቀን እንሄዳለን።

ከመክፈላችን በፊት ግን ሳምፕል አየን። ያላየነውን ዕቃ በካርቶን አንገዛም። አራቱንም አዲስ አበባ ቦሌ ያለው ቦራ ፓርክ ወስደን ሰዓት ያዝን። የመጀመሪያውን አርባ ደቂቃ ሽክርክሪቱ ላይ ሆነው ሳቁ። ከዚያ አንዷ ዛፍ ሥር የወደቀ ቅጠል መሰብሰብ ጀመረች፣ ሁለቱ የውሃ ቧንቧ ጋ ሄዱ፣ ትንሹ ተኛ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉም ጭናችን ላይ ነበሩ። የከፈልንበት ጨዋታና የወደዱት ነገር እምብዛም አልተገናኙም።

ይህን ይዘን የዱባዩን ቀን ደግመን አሰብነው። ፓርኩ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ልጆቹ ምሳ በልተው የሚተኙት በኛ 7 ሰዓት፣ በዱባይ 8 ሰዓት ነው። መሃሉ አራት ሰዓት ነው፤ ምሳና ዳይፐር ሲነሳለት ሦስት ሰዓት ይቀራል። ሙሉ ቀን ከፍሎ ሦስት ሰዓት መጫወት ኪሳራ ይመስላል፣ የልጅ ቀን ግን ከዚህ አይረዝምም። ስለዚህ ፓርኩ አንድ ቀን ብቻ ነው። ሲነቃቁ ሌላ ነገር አይጨመርም። ታክሲ ውስጥ ተኝተው ይመለሳሉ፣ እኛም እንተኛለን።

የቀሩትን ቀኖች የሞላናቸው በራሳችን የሥራ መንገድ ነው፤ እንዲያውም ይህን ክፍል ከፓርኩ ይልቅ እንጓጓለታለን። ከደይራ ወደ ቡር ዱባይ በክሪኩ የምታሻግረው የእንጨት ጀልባ፣ አብራ የምንላት፣ ለሰው አንድ ድርሃም ናት። ስንት ጊዜ ካርቶን ታቅፈን ተሻግረንባታል! ለልጅ ግን ከየትኛውም ፓርክ ጀልባ አታንስም፣ ወፎቹም ይከተሏታል። ሜትሮው ሾፌር የለውም፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልበትም። ከመጀመሪያው ጣቢያ እስከ መጨረሻው ሄደን እንመለሳለን፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረን። ጣራቸው ሮዝ የሆኑትን ሴቶች የሚነዷቸውን ታክሲዎች ያያሉ። እማማ እዚህ ነው የምትተኛው፣ እዚህ ነው ሻይ የምትጠጣው፣ ስትደውልላችሁ ከኋላዋ የነበረው መጋረጃ ይኸው ብለን እናሳያቸዋለን።

ጭቅጭቁ የመጣው በኪሎው ነው። የራሱ መቀመጫ ያለው ልጅ የራሱ ሻንጣ ይፈቀድለታል። ሦስት ልጆች ሦስት መቀመጫ አላቸው። ይህን የሰማ ነጋዴ ምን እንደሚያስብ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከመካከላችን አንዷ ወረቀት አወጣች፦ የፋሲካ የሴት ልጅ ጫማ ይህን ያህል ጥንድ፣ ትርፉ ይህን ያህል፣ የሆቴሉን ይመልሳል፤ "የኔ እህት፣ ባዶ ሻንጣ ይዞ ከዱባይ መመለስ ኃጢአት ነው" አለች። ሒሳቡ ልክ ነበር። ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ በእጃችን ላይ አብጧል፣ ድርሃሙም ከዶላር ጋር የተቆራኘ ነው። ሆቴሉን የሚመልስ ጫማ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛዋ፣ "እሺ፣ ድራጎን ማርት ማን ይሄዳል?" ብላ ጠየቀች። አንዳችን ትሄዳለች፣ ሁለቱ ልጅ ይጠብቃሉ ተባለ። "ጠዋት ስትወጪ ልጅሽ ምን ያያል?" ዝም ተባባልን። ዱባይ ድረስ አምጥተነው እናቱ ሻንጣ ይዛ ከበሩ ስትወጣ ያያል። ያውም እዚያው ዱባይ ውስጥ፣ አያቱም በሌሉበት።

ወረቀቱ ተቀደደ ማለት አንችልም፣ ባለቤቷ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ግን ተወሰነ፦ ዕቃ የለም፣ ሳምፕልም የለም፣ አቅራቢ ጋ ሻይ መጠጣትም የለም። ከዚያ የምንገዛው ዳይፐር ብቻ ነው፣ እሱም እዚያው ለሚያልቅ። ስናልፍ የመስኮት ዋጋ ማየት ይፈቀድ አይፈቀድ ገና አልተስማማንም። "ዓይኔን ልሸፍን እንዴ?" ብላለች ያቺው።

ማደሪያውም ተቀይሯል። እኛ ብቻ ስንሆን ሦስት አልጋ የተጠጋጋበት ክፍል ይበቃናል፤ አሁን ማድ ቤት ያለው አፓርታማ ነው የያዝነው፣ እዚያው ደይራ። የሐበሻ ምግብ ቤት በአካባቢው አይጠፋም፣ ሌሊት ወተት የሚያሞቅ ግን የለም። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የለመዱትን ብርድ ልብስ እንይዛለን። የሚታጠፍ ጋሪ ሁለት ነው፤ አራት ብንይዝ የሚገፋው ሰው የለም፣ ተራ ይገባሉ።

ገንዘቡ ከእቁብ ነው። ከንግዱ እቁብ ለይተን በየሳምንቱ ቅዳሜ የምንጥለው ሌላ እቁብ ጀመርን፣ ዕጣ የለውም፣ የሚወጣው ለአራቱ ልጆች ቲኬት ብቻ ነው። ከሱቅ ካፒታል አንድ ብር አልተነካም። ይህን ስንጀምር ተማምለናል፣ ምክንያቱም ሱቅ ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ካፒታል አንዴ ከተነካ ሁልጊዜ ምክንያት ያገኛል።

አሁን የቀረው ወረቀት ነው። የሦስቱ ፓስፖርት ደርሷል። ለልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምናውቀው ልደት በፈረንጅ ሲጻፍ ቀኑ እንዳይዛነፍ ሁለት ጊዜ አስነበብነው፣ በተለይ የትንሹን፣ ቲኬቱ በቀን ነውና። የአራተኛው አባት ግን የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። በአካል እንዲቀርብ ወይም ውክልና እንዲሰጥ ተብለናል፣ እሱ ደግሞ አንድ ቀን ገብቶ በማግስቱ የሚወጣ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ቀን ቆርጠን ሁለቱንም ጊዜ ወደቡ ላይ ጭነት ጠብቆ ቀረ። ልጁ ሻንጣውን ዱባይ የሚለው ነው፤ እሱን ትተን ሦስቱን ይዘን የመሄድ ሐሳብ በመካከላችን አልተነሳም፣ አይነሳምም።

ትናንት ማታ ከሚሌ ደውሎ ሐሙስ እገባለሁ ብሏል። ሐሙስ ሁለታችን ሱቆቹን እንከፍታለን፤ አንዳችን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምራ ሰልፍ ትይዝለታለች። መኪናውን ቃሊቲ አቁሞ በቀጥታ እንዲመጣ ነግረነዋል።